አስማረን በሰው ስም ያስቀበርኩት እኔ ነኝ

የማወራላችሁን ነገር ሰክሬ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። እንዳያመልጠኝ ብዬ መጠጥ ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የማያውቁኝ ሰዎች ካርቱም ጨዋ አድርጋ መለሰችው ይላሉ። ጨዋ! የንስሐ አባት ያዝ የሚሉኝም አሉ። አልያዝኩም። ቄስ ፊት ብንበረከክ ቀኖና ይሰጠኛል፣ እሰግዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ከዚያ ቀለል ይለኛል። እኔ ደግሞ ቀለል እንዲለኝ አልፈልግም፤ ቢያንስ ከእማማ ዘርፌ በፊት አልፈልግም። ስለዚህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገር። ስሙኝና የፈለጋችሁትን በሉኝ።

እማማ ዘርፌ የጓደኛዬ የአስማረ እናት ናቸው። ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው በሕይወት ያለ ይመስላቸዋል። እንዲመስላቸው ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከአስማረ ጋር የተገናኘነው መተማ፣ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው። እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ ማጭድ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ያውም እየሳቀብኝ። አጨዳው ሲያልቅ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ወደ ቤት መመለስ አፍረን ድንበሩን ተሻገርን። ያሻገረን ደላላ ካርቱም ውስጥ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የቪላ ዘበኝነት እንዳለ ነገረን፤ "ግን ሙስሊም ነው የሚፈልጉት፤ ስማችሁን ቀይሩ፣ አንገታችሁ ላይ ያለውንም ፍቱ" አለን። እኔ ማተቤን በጥርሴ በጥሼ እዚያው መንገድ ላይ ጣልኩት። ለማሰብ እንኳ አልቆምኩም። ሙሉቀን መሆኔ ቀርቶ ማሊክ ሆንኩ።

አስማረም ስሙን ቀየረ፤ አህመድ ተባለ። ማተቡን ግን አልበጠሰም። እናቱ በእጃቸው ፈትለው ያሰሩለት ጥቁር ማተብ ነበር። ከአንገቱ ፈታና ክንዱ ላይ፣ ብብቱ አጠገብ አሰረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ሁሉ ሙቀት ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ሳይለብስ ውሎ አያውቅም። "ስሙ ለሥራ ነው፤ ይሄ ግን የእናቴ ነው" ይለኝ ነበር። እኔ እቀልድበት ነበር። አንድ ቀን በዚህ ነገር ታስበላናለህ እለው ነበር።

የቀጠሩን ሐጂ ሙስጠፋ ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ደግ ሰው ናቸው። ከሚበሉት ያበሉን ነበር። ስንታመም ራሳቸው መድኃኒት ቤት ይሄዱልን ነበር። የመኖሪያ ወረቀታችን፣ ኢቃማው፣ የወጣው በእሳቸው ዋስትና በውሸት ስማችን ነው። ዓርብ ዓርብ መስጊድ ይዘውን ይሄዱና ከጎናቸው ቆመን እንሰግድ ነበር። ክፉ ሰው ማታለል ቀላል ነው፤ ቢነቃብህ ተሰዳድበህ ትለያያለህ። ደግ ሰው ሲነቃብህስ በምን ፊትህ ታየዋለህ? እኔ የምፈራው ይህን ነበር። ፖሊስም እፈራ ነበር፣ ከአገር መባረርም እፈራ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ፍርሃቴን ካላወቃችሁ ያደረግሁት ነገር አይገባችሁም ብዬ ነው።

የሐጂ ዘመድ የሆኑ ዐም ኢድሪስ የሚባሉ ዓሳ አጥማጅ ነበሩ፤ ዐም እዚያ አጎት ማለት ነው። ከካርቱም በስተደቡብ፣ ጀበል አውሊያ ላይ፣ ነጭ ዓባይ በግድብ ታግዶ ሐይቅ ሆኖ ይተኛል። ዐም ኢድሪስ የሚያጠምዱት እዚያ ነው። ለሐጂ ዓሳ ይዘው በመጡ ቁጥር አስማረ ከስራቸው አይጠፋም። የጣና ልጅ አይደል? ታንኳ ላይ ነው ያደገው። እየጠየቀ፣ እየለመነ፣ በመጨረሻ "ያላ፣ ኑ በቃ! ኢንሻአላህ ሐይቁን አሳይሃለሁ" አሰኛቸው። ሐጂም ፈቀዱልን። ሙቀቱ አናት በሚያዞርበት ወቅት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን።

አስማረን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሐይቁን ሲያይ ጫማውን አውልቆ ሮጠ። ትልቅ ሰው፣ ፂም ያበቀለ ሰው፣ ልብሱን እንደለበሰ እስከ ወገቡ ገብቶ ውሃውን በሁለት እጁ እየዘገነ ፊቱን ታጠበ። ዐም ኢድሪስ ከወንድማቸው ልጅ ጋር በትልቁ ጀልባ ገቡ፤ ለእኛ ትንሿን ሰጡን። ከመውጣታችን በፊት ደጋግመው መከሩን። ጀልባዋ ቀላል ናት፣ አትቁሙባት። የመንጠቆውን ናይለን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፣ ትልቅ ዓሳ ከመጣ ልቀቁት። አስማረ "ሐዲር፣ ሐዲር" እያለ፣ እሺ እሺ ማለቱ ነው፣ እየቀዘፈ ሄደ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቆሮሶ የሚባለው ዓሳ መንጠቆውን መብላት ጀመረ። አስማረ መንጠቆውን ወርወር ያደርጋል፣ ይስባል፣ ቆሮሶ! እንደገና ይወረውራል፣ ቆሮሶ! ዓሳው ጀልባዋ ውስጥ ይዘላል፣ እኔ እያንሸራተተኝ ለመያዝ እንፈራገጣለሁ።

"ሙሉቀን! ያዘው እንጂ! ሙሉቀን!" እያለ ይጮሃል።

"ማሊክ በለኝ አንተ!" አልኩት ዙሪያዬን እያየሁ።

"እዚህ ማን ይሰማሃል፣ ዓሳው? ውሃ ላይ ከሻ የለም!"

ከሻ ፖሊስ ሐበሻውን ከየመንገዱ የሚያፍስበት ዘመቻ ነው። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ትክክለኛ ስሜን በአደባባይ፣ በዚያ ድምፅ ሲጠራኝ ደስ አለኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ከዚያም ወዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀጥሎ ትልቁ ዓሳ ያዘ። እነሱ ኢጅል ይሉታል፣ ጥጃ እንደማለት ነው፤ ሰው የሚያህልም አለ። ጀልባዋን ራሷን ይጎትታት ጀመር። ናይለኑ ሲያመልጠው አስማረ እጁ ላይ ጠመጠመው። ምክሩን ረስቶ አልነበረም፤ መልቀቅ ስላልፈለገ ነው። "ለሐጂ ነው ይሄ! ለሐጂ ነው የምንወስደው!" ይል ነበር። እኔ ዓሳውን ለማየት ብድግ አልኩ። አትቁሙ ተብለናል፤ እኔ ብድግ አልኩ። ጀልባዋ ተገለበጠች።

እኔ ዋና አልችልም። አስማረ በነፃው እጁ ሸሚዜን ይዞ ወደተገለበጠችው ጀልባ ገፋኝና ሆዷ ላይ አወጣኝ። "አጥብቀህ ያዝ፣ እግርህን አታወራጭ" አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ነገር የለም። ሌላው እጁ ከናይለኑ ጋር ነበር፤ ናይለኑ ወደታች ጎተተው። አንዴ ብቅ አለ፣ ከዚያ አልወጣም። እኔ እንዳለኝ አጥብቄ ይዤ ቀረሁ።

ዐም ኢድሪስ ጩኸቴን ሰምተው ደረሱ። ናይለኑን አግኝተው እየጎተቱ አስማረን አወጡት። ዳር አድርሰው ደረቱን እየተጫኑ፣ አገላብጠው ውሃውን እያፈሰሱ ብዙ ታገሉ። ጀልባዋ ተገለበጠች አልኳቸው፤ ማን እንደገለበጣት አልነገርኳቸውም። ግን ልናዘዝ የተነሳሁት ይህን አይደለም። መቆሜ ጥፋት ነው፤ ሳላስብ ያደረግሁት ጥፋት። ቀጥሎ ያለውን ግን አስቤ ነው ያደረግሁት።

ዐም ኢድሪስ የአስማረን ዓይን ከደኑ። "ኢና ሊላህ" አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ከዚያ አስከሬኑን የምንሸከምበት አልጋ፣ መገነዣ ጨርቅና ሰው ይዘው ሊመጡ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ወደ መንደሩ ወጡ። "ከወንድምህ አጠገብ ሁን" አሉኝ እኔን። ከወንድሜ አጠገብ ሆንኩ።

ምን እንደሚመጣ አወቅሁ። ይዘውት ይሄዳሉ፣ ሊያጥቡት ሸሚዙን ያወልቃሉ፣ ክንዱን ያያሉ። እሱ ክርስቲያን መሆኑ ሲታወቅ እኔስ? አብሬው የሰገድኩት፣ አብሬው የዋሸሁት እኔስ? ለሐጂ ይነገራቸዋል። ሐጂ ምን ይላሉ? ጓደኛዬ ገና እጁ አልቀዘቀዘም፤ እኔ የማስበው ስለ ራሴ ነበር። አዳኜ አጠገቤ ተጋድሟል፤ እኔ ሐጂ ምን ይላሉ እላለሁ።

የናይለን መቁረጫው ቢላ ዐም ኢድሪስ ጀልባ ውስጥ ነበር። ተነስቼ አመጣሁት። የአስማረን እጅጌ ወደላይ ሰበሰብኩ። ማተቡ ርሶ ክንዱ ላይ ጠብቋል። ቋጠሮውን ልፈታ ሞከርኩ፤ አልፈታ አለኝ። በቢላው ቆረጥኩት። እርጥብ ነገር ቶሎ አይቆረጥም፤ ቢላው ተንሸራቶ ክንዱን ቧጨረው። ደግሜ ቆረጥኩ። እሱ ማተቡን አልበጠሰም። በረሃብ ቀን አልበጠሰም፣ በሙቀት ቀን አልበጠሰም፣ ደላላው ሲቆጣው አልበጠሰም። የአስማረን ማተብ የበጠስኩት እኔ ነኝ። ከሞተ በኋላ፣ እምቢ ማለት በማይችልበት ሰዓት፣ እኔ በጠስኩት። ውሃ ውስጥ ወረወርኩትና እጅጌውን መልሼ አስተካክዬ ቁጭ አልኩ።

ሰዎቹ መጡ። የማያውቁትን ሰው በትከሻቸው ተሸክመው ወሰዱት። ዐም ኢድሪስ ለሐጂ ደውለው ነበር፤ ሐጂ በስልክ አልቅሰው፣ እንደ ልጄ ቅበሩልኝ፣ አስከሬኑ በዚህ ሙቀት አይንገላታ ብለዋቸዋል። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ሲያጥቡት አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ነበር የሚያጥቡት። ዐም ኢድሪስ ክንዱ ላይ ያለውን ጭረት አዩ። "ናይለኑ ነው ይሄን ያደረገው፤ ምስኪን" አሉ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ።

አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው "ኢስሙ ሚኑ?" አሉኝ። ስሙ ማን ነው?

መናገር የምችልበት የመጨረሻው ሰዓት ያ ነበር። አስማረ ነው ማለት እችል ነበር። ከተማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ነበረን፤ ቄስም ነበረን። በሌላ ቀን፣ በሌላ ጸሎት፣ እናቱ በሚያውቁት ስም አፈር መልበስ ይችል ነበር።

"አህመድ" አልኩ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቀበሩት። እኔም ከሰልፉ ገብቼ ቆምኩ፤ እጄን አነሳሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። በእነዚያ ሰዎች ቅር አልተሰኘሁም፤ ለማያውቁት ስደተኛ እንባ አውጥተው ፈጣሪን ለምነዋል። የእነሱ ጸሎት እውነተኛ ነበር። በመካከላቸው ውሸት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ከቀናት በኋላ እማማ ዘርፌ ደወሉ። አስማረ ሁልጊዜ ስልኩን ያቀብለኝ ስለነበር በድምፅ ያውቁኛል፤ ከልጃቸው እኩል ነበር የሚመርቁኝ። "ሙሉቀን ልጄ፣ የአስማረ ስልክ ምነው እምቢ አለ?" አሉኝ። ሞተ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ቀጥለው ምን እንደሚጠይቁኝ ግን አውቅ ነበር። የት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ? ማን ፈታው? በክርስትና ስሙ ተጠራ? እናት ሌላ ምን ትጠይቃለች? መልስ ስላልነበረኝ ልጃቸውን ከሞት አስነሳሁላቸው። "ወደ ሊቢያ ተሻገረ እማማ። በረሃው ላይ ስልክ የለም። ደርሶ ራሱ ይደውላል" አልኳቸው። እልልታቸው በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

እንዲህ ነው አንዱ ውሸት ሌላውን የወለደው። በየጊዜው ይደውላሉ፤ እኔ በየጊዜው እጨምራለሁ። እስር ቤት ነው ይባላል፣ ተፈቷል ይባላል፣ ባሕሩን ሊሻገር ነው ይባላል። ይባላል! ማን ነው የሚለው? እኔ ነኝ የምለው። ሌላ ማንም አልነበረም።

ጦርነቱ ካርቱም ሲገባና ሪያድ ሰፈር መድፍ መውደቅ ሲጀምር ሐጂ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ዘመዶቻቸው ሊሄዱ ተነሱ። እኔም ወደ ድንበር ልሄድ ነበር። በሩ ላይ ሲሰናበቱኝ እጄን ያዙና፣ ያ ማሊክ፣ አሁን እንኳ እናትህ ያወጡልህን ስም ንገረኝ አሉኝ። ደነገጥኩ። ፈገግ አሉ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ክርስቲያን እንደሆንኩ ያውቁ ነበር፤ ስሰግድ ዓይኔ ጎረቤቴን ይቀዳ ነበር አሉኝ። ዳቦ የሚፈልግን ሰው ማሳፈር አልፈለግሁም፣ ቀን ሲደርስ ራሱ ይነግረኛል ብዬ ነበር አሉ።

ቀጥሎ "አህመድስ? እሱም እንዳንተ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ፤ በማይገባው ወግ ቀብረነው እንዳይሆን ብለው ነው የፈሩት።

"ላ፣ ያ ሐጅ። እሱ ሙስሊም ነበር" አልኳቸው።

አያችሁ? ፈርቼ ነው የምትል ሰበብ ነበረችኝ። ሐጂ በራሳቸው አፍ ያቺን ሰበብ ወሰዱልኝ፤ የምፈራው ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። ማተቡን ቆርጬ የጣልኩት በከንቱ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላም፣ ደጃቸው ላይ ቆሜ፣ አስማረን እንደገና ካድኩት። ያን ጊዜ ማን አስፈራራኝ? ማንም።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ጎርጎራ ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። እማማ ዘርፌ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ከልጃቸው መልእክት ይዤ የመጣሁ መሰላቸው፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፣ ሳቁም። ከዚያ በኋላ እንዴት ልበል? ደህና ነው ይባላል አልኩ። ደጋግሜ ሄጃለሁ። በሄድኩ ቁጥር ልነግራቸው ነው የምሄደው፤ በሄድኩ ቁጥር በሩ ላይ ያው ደስታ ይጠብቀኛል። ያበሉኛል፣ አልጋ ያነጥፉልኛል፣ የልጄን ጠረን አንተ ላይ ነው የማገኘው ይሉኛል።

ባለፈው ሰሞን የአስማረ እህት እናኑ ጎንደር ድረስ መጣችብኝ። ሰውነቷ ከስቷል። ይህ ሁሉ ዓመት ዝም ያለ ሰው አይኖርም፣ ቁርጣችንን አውቀን ተዝካሩን እናውጣለት ብላ እናቷን ብትለምን፣ "በቁሙ ልጄን የምትቀብሪ!" ብለው ከቤት አስወጥተዋታል። አንቺ ልጄ አይደለሽም ብለዋታል። በአንድ ከተማ እየኖሩ አይነጋገሩም። "ሙሉቀን አለ ብሎኛል፣ ሙሉቀን አይዋሸኝም ነው የምትለኝ" አለችኝ እናኑ። አየችኝ። እኔ ደግሞ ከዓይኗ መሸሽ አቃተኝ።

ሞቱን ነገርኳት። ሞቱን ብቻ። ስለ ማተቡ፣ ስለ ስሙ አልነገርኳትም፤ እሱን ከእናንተ በቀር እስከዚህ ሰዓት የሚያውቅ የለም። ጮኸች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ ከዚያ ተነስታ በጥፊ መታችኝ። እጇ ይባረክ። አንድ እናት ልጇ ሲሞት ያላት ነገር ለቅሶዋ ብቻ ነው። እኔ ያንን ነው የሰረቅኋቸው። ዘመድ ጎረቤት ከቧቸው ደረታቸውን መምታት፣ በስሙ ማስቀደስ፣ ለነፍሱ ድሃ ማብላት ሲገባቸው፣ በሕያዋን ጸሎት ስሙን እያስጠሩ መንገድ መንገድ ሲያዩ ኖሩ። የቀረቻቸውን ሴት ልጅም በእኔ ውሸት አባረሩ።

አሁን ጎርጎራ ነኝ፣ የእናኑ ቤት። መርዶው ነገ ጎህ ሳይቀድ ይነገራል። ሽማግሌዎቹና የነፍስ አባታቸው ተጠርተዋል። እንደ ወጉ እነሱ ፊት ይሄዳሉ፣ አንተ እንግዳ ነህና ከኋላ ሁን ብለውኛል። እምቢ ብያለሁ። ከፊት እሆናለሁ፤ ሞቱንም፣ ቀብሩንም፣ በቢላው ያደረግሁትንም በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። ፍርሃትን ምክንያት አላደርግም። ልጅ ነበርኩም አልልም። ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ አልወድቅም፤ በለቅሶአቸው ቀን እኔን ማጽናናት የለባቸውም። እናንተም ይቅር አትበሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከአሁኑ እየገደለኝ ነው። በሩን ከፍተው ከኋላዬ ያለውን ሰው እስኪያዩ ድረስ፣ እኔን ሲያዩ መጀመሪያ ደስ ይላቸዋል።